የፀሐይ አልትራቫዮሌት ተክልን ምን እንደሚያደርግ በፌጦ እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

ጉና ተራራ ላይ የበቀለ ጅብራ የሚባል የውርጭ አገር ተክል ባሕር ዳር ጓሮ ካለ ጎመን የበለጠ አልትራቫዮሌት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር፣ ያገኘዋል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። ጣና ዳር 1800 ሜትር ገደማ ነው፤ የጉና ጫፍ ከ4100 ያልፋል። ጉና ድረስ መውጣት ግን ግድ አይደለም። የእኛም የባሕር ዳር ፀሐይ ቢሆን የዋዛ አይደለም። ጨረሩን መጨመር ስለማንችል እንቀንሰውና ልዩነቱን እንይ።

ተራ የመስኮት መስታወት ዩቪ-ቢ የሚባለውን፣ ተክልን አብዝቶ የሚጎዳውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል። ስስና ጥርት ያለ ላስቲክ ግን ያሳልፈዋል። ስለዚህ ግማሹን ተክል ከመስታወት ስር፣ ግማሹን ከላስቲክ ስር ማብቀል ነው። የግሪን ሃውስ ላስቲክ አትግዙ፤ ብዙ ጊዜ ጨረር የሚከለክል ነገር ይጨመርበታል። ከኮሮና ወዲህ የተለመዱትን የጀርም መግደያ አምፖሎች ደግሞ አትጠጉ። ዓይን ያቃጥላሉ፤ የሚያወጡት ጨረርም ከፀሐይ መሬት የማይደርሰው ዓይነት ነው።

ለዘሩ ፌጦ ምረጡ። ጉሊት በርካሽ ይገኛል፣ በጥቂት ቀን ይበቅላል፣ አብቦ ዘር ለመስጠትም ብዙ አያስጠብቅም። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ብትዘሩ ጥሩ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ ባሕር ዳርን አናቷ ላይ ትቆማለች፤ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላችሁን ብትፈልጉ እግራችሁ ስር ነው።

አፈሩን አንድ ላይ ደባልቃችሁ በተቆረጡ ሃይላንዶች አከፋፍሉ። የሃይላንዶቹን ታች ብሱ። ለእያንዳንዱ ክዳን፣ ለመስታወቱም ለላስቲኩም፣ ቢያንስ ስምንት ሃይላንድ ይኑር፤ ሁለት ሦስት ተክል አይቶ መፍረድ ራስን ማታለል ነው። ሲበቅል በየሃይላንዱ አንድ አንድ አስቀሩና ሌላውን ንቀሉ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ክዳኑ ላይ ነው። አልትራቫዮሌት በቀጥታ ከፀሐይ ብቻ አይመጣም፤ ከሰማዩም ተበትኖ በጎን ይገባል። ስለዚህ ክዳኑ ከሃይላንዶቹ በሁሉም አቅጣጫ ሰፋ ብሎ ይውጣ፣ ከተክሉ ጫፍም ብዙ አይራቅ። ተክሉ ሲያድግ ክዳኑ የተቀመጠበትን የጣውላ እግር ከፍ አድርጉ። ጎኑ ክፍት ይሁን፤ ካልሆነ ሙቀቱ ይቀቅለዋል። ሁለቱንም ክዳኖች ከአቧራ ጥረጉ፣ ላስቲኩ ሲደበዝዝ ቀይሩት፣ ውኃውንም በአንድ ስኒ ለክታችሁ እኩል አጠጡ። ሃይላንዶቹን በየሳምንቱ በየክዳናቸው ስር ቦታ አቀያይሩ።

በየሳምንቱ የግንዱን ቁመት ከአፈር እስከ ጫፍ በማስመሪያ ለኩ። የአንድ ቅጠል ስፋትም ያዙ፣ በጣት ዳስሳችሁም ውፍረቱን አወዳድሩ። ከላስቲኩ ስር ያለው አጠር፣ ቅጠሉም አነስና ወፈር ሊል ይችላል። ተክሉ ጨረሩን ሲያውቅ በቅጠሉ ቆዳ ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ መከላከያዎች ይሠራል፤ ለዚህ የሚያወጣው ጉልበት ከዕድገቱ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ልዩነቱ በዓይን የማይታይ ትንሽ ቢሆንም አትገረሙ፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ።

መራባቱ ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው አበባ የፈነዳበትን ቀን መዝግቡ። የአበባ ዱቄት እምቡጡ ውስጥ እያለ የተጠበቀ ነው፤ ለጨረር የሚጋለጠው ከፈነዳ በኋላ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ጠንካራ ዩቪ-ቢ ከዱቄቱ የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ እድገት ሊያጓትት እንደሚችል ታይቷል። ቱቦው እንቁላሉ ጋ ካልደረሰ ዘር የለም። የፌጦ ፍሬ ሲሞላ ሁለት ዘር ይይዛል፤ ስለዚህ ሲደርቅ በየፍሬው ስንት ዘር እንዳለ መቁጠር ቀላል ነው። ከሁለቱም ወገን ሃምሳ ሃምሳ ዘር እርጥብ ሶፍት ላይ አስቀምጡና ስንቱ እንደበቀለ ቁጠሩ።

ውጤቱን ይዛችሁ ግን ጉና ላይ አትፍረዱ። እዚያ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ነፋስ ነው፤ ተክል አጭር የሚሆነው በጨረር ብቻ አይደለም። ጅብራ ደግሞ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ነው። ዘሩ ያኔ ከተበላሸበት እንደ ፌጦ በሚቀጥለው ወር የሚዘራለት ሰው የለውም።