ጎዳና የሚያድረውን ሰው በስም መቁጠር

አዲስ አበባ ውስጥ በወረዳችሁ ጎዳና የሚያድረውን ሰው ለመቁጠር ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። በ12፣ በ19 እና በ21 ዋዜማ አትውጡ። የሚካኤል፣ የገብርኤልና የማርያም ደጅ ለምጽዋት ከየሰፈሩ በመጣ ሰው ይሞላል፤ ቤት ያለውም ቀላል አይደለም። ትልቅ የመሪዎች ጉባኤ ያለበት ሰሞንም ይቅርባችሁ፤ አፈሳ ሊኖር ስለሚችል ቆጠራው ያሳስታል። ክረምት ከሆነ ድልድይ ስርና ጅምር ሕንፃ ውስጥ ፈልጉ።

ጥሩው ሰዓት ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ነው። ቀን የምታዩት ሊስትሮ ሁሉ ጎዳና አያድርም፤ ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ የተከራያት ክፍል ልትኖረው ትችላለች። ፖሊስ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። አፈሳ መስሎት ሁሉም እብስ ይላል። ይልቅ ጎዳና ያደገ ልጅ ይምራችሁ፤ አበሉንም አሳምራችሁ ክፈሉ። የትኛው ላስቲክ ስር ስንት ሰው እንዳለ ያውቃል። የባንክና የሱቅ ዘበኞችን ጠይቁ፤ ደጃፋቸው የሚተኛውን በስም ነው የሚጠሩት። የተኛ ሰው አይቀሰቀስም፣ ባትሪ ፊቱ ላይ አይበራም፣ ፎቶ በፍጹም። ቦታውን ጽፋችሁ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሻይ ሻጮቹ ሲወጡ ተመለሱ። ወሬው በሻይና በዳቦ ነው የሚመጣው።

ስሙን ጠይቁ፣ ቅጽል ስምም ይበቃል። ከየት መጣ? ከመቼ ጀምሮ? ታሟል ወይ? መታወቂያስ አለው? የመጨረሻዋን እንዳትዘሏት። ከቀዬው መሸኛ ያላመጣ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል። ያለ መታወቂያ ደግሞ ቤት መከራየትም፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ውስጥ መግባትም ጭንቅ ነው። መርካቶ የሚሸከም አንድ ጎልማሳ አውቃለሁ፤ መሸኛ ለማምጣት የአርባ ምንጭ የደርሶ መልስ ሒሳብ አጥቶ ስንት ዓመት በረንዳ አድሯል። ሰው ሁሉን ነገር በሱስ ያሳብባል። እኔ መጀመሪያ የማየው ወረቀቱን ነው።

ድምሩ ለሪፖርት ይሁን፤ ሥራ የሚሠራው በስም ዝርዝሩ ነው። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ያለችው ሮክፎርድ በ2015 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ወታደሮቿን ጎዳና አዳሪነት ያስቆመችው እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዛ ነው። ዝርዝሩን ግን አንድ የምታምኑት ሰው ይያዘው፣ ለአፈሳ እንዳይውል።

ከዚያ ከአዲሶቹ ጀምሩ። ከመጣ ወር ያልሞላውን ልጅ ቤተሰቡ ጋ ደውላችሁ፣ ፈቃደኛ ከሆነ አሳፍሩት፤ ሲቆይ ይከብዳል። እየሠራ ቤት ያጣውን የሚይዘው ቅድሚያ ክፍያ ነው። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ይከለክላል፤ ይህን ለአከራዩ በትህትና አስታውሱት፣ ሁለቱን ወር ደግሞ ከእድር ወይም ከሰፈሩ ነጋዴ አሰባስቡ። ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን እንደ መቄዶንያ ያሉትን ጠይቁ።

በየወሩ መጨረሻ ስንት አዲስ መጣ፣ ስንት ቤት ገባ፣ ስንት ወደ ጎዳና ተመለሰ ብላችሁ አወራርዱ። የተመለሰውን እንደ አዲስ አትመዝግቡት። በድሮው መስመሩ ላይ ቀኑን ጨምሩና ለምን እንደወጣ አከራዩንም ጠይቁ።