አዲስ ፒካፕ ሲገጭ፦ መዶሻና ቀለም ከመንካታቸው በፊት

ከተገዛ ገና አምስት ወር ያልሞላው ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፓችን መገናኛ አካባቢ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ ከኋላው የመጣ ሚኒባስ የግራ ጥጉን ገጨው። በዓይን የሚታየው ጉዳት ትንሽ ነበር፤ የኋላው ክሮም ፓራውልት ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከመብራቱ በታች ያለው ላሜራ የመዳፍ ያህል ሰርጉዷል፣ የመብራቱ ሽፋንም ተሰንጥቋል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ላሜራ ሠሪ «ነገ ማታ እንደ አዲስ ትወስዱታላችሁ» ብሎ ዋጋ ቆረጠልን። ለመስማማት ጥቂት ሲቀረን ዘመዳችን የሆነ አንድ የቆየ መካኒክ ባትሪ አብርቶ ከመኪናው ሥር ገባና ፓራውልቱን ከሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን ከታች ከሚሸከመው የብረት መሠረት፣ ጋር የሚያያይዘው ብረት መታጠፉን አሳየን። ፓራውልቱ ተጠግኖ ወይም ተቀይሮ ቢመለስ ይህ ብረት እንደ ታጠፈ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። አዲስ በሆነ ፒካፕ ላይ መዶሻና ቀለም የመጨረሻዎቹ ሥራዎች መሆን አለባቸው የምለው ስለዚህ ነው፤ መኪናው አስቀድሞ መለካት፣ ጉዳቱም በወረቀት መመዝገብ ይኖርበታል።

አደጋው በደረሰበት ቦታ ሰው አለመጎዳቱን ካረጋገጡ በኋላ ቀዳሚው ሥራ ማስረጃ መያዝ ነው። መኪኖቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት፣ መጀመሪያ የመንገዱ መስመርና የትራፊክ መብራቱ አብረው በሚታዩበት ርቀት፣ ቀጥሎም ታርጋዎቹና የተጎዳው ቦታ ጎልተው በሚወጡበት ቅርበት ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። የሌላውን አሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬውንና በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት በፎቶ ይያዙ፤ የሰጠዎትን ስልክ ቁጥርም እዚያው ደውለው ያረጋግጡ። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ንድፍ፣ እንዲያነሳ ይጠብቁ። ከኋላዎ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ሲያሰማ መጠበቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሆኖም መድን ድርጅቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ የፖሊስ ሪፖርት ነው።

«ቆመን ነው የተገጨነው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ነገሩን የሚጀምረው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በአንቀጽ 2084 መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል፤ ባለቤቶቹም ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ግማሹን ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት የአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ የቆመ መኪና ባለቤትም ቢሆን መቆሙን የሚያሳይ ነገር በእጁ ከሌለ የራሱን ጉዳት ግማሽ ብቻ ሳይሆን የገጨውን መኪና ጉዳት ግማሽም ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። የፎቶውና የፕላኑ ዋጋ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በቦታው ላይ በሽምግልና መጨረስ የተለመደ ነው፤ ለተላጠ ቀለም ወይም ለተሰበረ ስፖኪዮ እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን ገና ከሥሩ ያልታየ መኪና ላይ ገንዘብ ተቀብሎ «ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ መፈረም ሌላ ነገር ነው። መድን ድርጅት ለእርስዎ ካሳ ከከፈለ በኋላ በእርስዎ እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን የመጠየቅ መብት ስላለው፣ እርስዎ አስቀድመው ጥፋተኛውን ነጻ ካደረጉት ድርጅቱ የእርስዎንም ጥያቄ ላለመቀበል በቂ ምክንያት ያገኛል። ስምምነት የግድ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚከፈለው ገንዘብም በዓይን ለታየው ጉዳት ብቻ እንደሆነና በኋላ በጋራዥ ምርመራ የሚገኘው ጉዳት በስምምነቱ ውስጥ እንደማይካተት በግልጽ ይጻፍ።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። ፒካፕ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ አካል አይደለም። ሁለት ረጃጅም የብረት ዘንጎችና ተሻጋሪዎቻቸው የሠሩት ሻንሲ ከታች አለ፤ ጋቢናው በጎማ ማረፊያዎች ላይ ተቀምጦ፣ የጭነት ሳጥኑም ለብቻው በብሎን ታስሮ በዚያ ሻንሲ ላይ ይጫናሉ። የቤት መኪና ከኋላ ሲመታ ላሜራው ተጨማዶ ግፊቱን ይውጠዋል። በፒካፕ ላይ ግን የኋላው ፓራውልት፣ በተለይም የመጎተቻ መንጠቆ ካለበት፣ ከሻንሲው ጫፍ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ፣ ላሜራው ብዙም ሳይጎዳ ግፊቱ ወደ ሻንሲው ሊያልፍ ይችላል። ውጭውን አይቶ «ቀላል ነው» የሚል ሰው የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

የሻንሲውን ሁኔታ ለመገመት ውድ መሣሪያ ከመፈለግዎ በፊት በእጅዎ ያለው ሜትር ብዙ ይነግርዎታል። መኪናውን ጭነት በሌለበት ለጥ ያለ ቦታ ላይ ያቁሙና በጋቢናውና በጭነት ሳጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም ይለኩ። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ወይም ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ፣ ሳጥኑ ከቦታው ተንሸራትቷል ወይም ሻንሲው ታጥፏል። ቀጥሎ የሳጥኑን ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ካዩ ጋራዡ በመለኪያ ማሽን እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ። የኋላውን መዝጊያ ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ፤ አንድ ጎኑ የሚያሻሽ ከሆነ ልብ ይበሉ። ከሥር ሲያዩ ደግሞ የፓራውልቱን ማሰሪያዎች፣ የባሌስትራውን የኋላ መያዣ፣ የጭስ ማውጫውን ማንጠልጠያና የመጠባበቂያ ጎማውን ማውረጃ በደንብ ይመልከቱ። ቀለሙ በስስ መስመር የተሰነጠቀ ወይም አቧራው የተራገፈ ቦታ ካለ እዚያ ብረቱ ተንቀሳቅሷል። መጎተቻ መንጠቆውን የሚይዙት ብሎኖች ቀዳዳቸው ሞላላ ሆኖ እንደሆነም ማየት ይጠቅማል።

ግጭቱ ከፊት ከሆነ የራዲያተሩና የኤሲው ኮንደንሰር ማያያዣዎች፣ የኮፈኑ መቆለፊያ፣ እንዲሁም በዘመናዊዎቹ ሞዴሎች ላይ ከአርማው ጀርባ የሚቀመጠው ራዳር መታየት አለባቸው። ራዳሩ ሳይሰበር በጥቂቱ ቢዞር እንኳ ርቀትን አሳስቶ ስለሚያነብ እንደገና በመሣሪያ መስተካከል ይፈልጋል።

ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በመድን ማሠራት ወይስ በራስ ገንዘብ የሚለው ነው። ጥፋቱ የሌላው ወገን ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ከሰው ጉዳት ሌላ የንብረት ጉዳትንም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል፤ መጠየቅ ያለበትም የገጨው መኪና መድን ነው። የራስዎን ሙሉ ሽፋን የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ኤክሰሱን፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ጉዳት እርስዎ የሚሸከሙትን ድርሻ፣ ካሳ ሳይጠይቁ ለቆዩበት ዓመት የሚያገኙትን ቅናሽ ማጣትዎንም ጭምር፣ አስልተው ይወስኑ። ጥገናው 18 ሺህ ብር፣ ኤክሰሱ 10 ሺህ ብር ነው እንበል፤ ለቀሪው 8 ሺህ ብር ሲባል የሚቀጥለውን ዓመት ቅናሽ መተው ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ እጅግ ስለናረ፣ በፖሊሲው ላይ የተጻፈው የመድን መጠን ከመኪናው የዛሬ ዋጋ በታች ሆኖ ይገኛል። ውሉ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ካለው ድርጅቱ ትንሹን ጉዳት እንኳ በዚያው ልክ ቀንሶ ይከፍላል። 5 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ፒካፕ በ3 ሚሊዮን ብር ብቻ መድን ከተገባለት፣ የ200 ሺህ ብር ጥገና ሲቀርብ የሚታሰበው 60 በመቶው፣ ማለትም 120 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ ይቀነሳል። ስለዚህ ፖሊሲውን አውጥተው ይህንን ቁጥር አሁኑኑ ይመልከቱ፤ መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነም ባንኩን ያሳውቁ።

የጥገናው ዘዴ ሲመረጥ የእኔ አቋም የማያወላዳ ነው፤ የፋብሪካ ቀለም እስከ ተቻለ ድረስ አይነካ። የፋብሪካው የመጀመሪያ ቅብ ላሜራው በኬሚካል ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ የሚጣበቅ ሲሆን፣ ከላዩ የሚቀባውም ቀለም በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጋገራል። ጋራዥ ውስጥ ግን መኪናው ጎማው፣ ፕላስቲኩና ሽቦው ሁሉ ላዩ ላይ ስላለ፣ ጥሩ ምድጃ ያለው ጋራዥ እንኳ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ነው የሚያደርቀው። ያንን የመጀመሪያ ቅብ አንዴ ከፋቁት የሚተካው የለም። በተጨማሪም ገዢና ደላላ መኪና ሲያዩ በጣት አንኳኩተው፣ አንዳንዴም የቀለም መለኪያ ይዘው ነው የሚመጡት፤ የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ሲሆን፣ ስቱኮ፣ ማለትም ስርጉድ መሙያ ልስን፣ ያለበት ቦታ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ቀለሙ ያልተሰነጠቀ ስርጉድ ከሆነ ከውስጥ በረጃጅም ዘንጎች ቀስ በቀስ ገፍቶ የሚያወጣ ባለሙያ ይፈልጉ። የፒካፕ ሳጥን ሁለት ድርብ ላሜራ ስላለው ውስጡን ማግኘት አይቻልም የሚሉ አሉ፤ የኋላው መብራት ሲወልቅ ግን ሰፊ ቀዳዳ ይከፈታል፣ የእኛም ስርጉድ የወጣው በዚያው በኩል ነው። ቀለሙ ከተሰነጠቀ ግን መቀባት ግድ ነው፤ ያኔም የቀለሙን ኮድ ከመኪናው መለያ ሰሌዳ ላይ ያንብቡ። ብዙ የሥራ ፒካፖች ላይ የሚታየው ተራ ነጭ ለማመሳሰል የሚቀል ሲሆን፣ ብርማና ሉል መሰል ነጭ ቀለሞች ግን ወደ አጎራባቹ ላሜራ እየሳሱ ካልተረጩ ልዩነታቸው ፀሐይ ላይ ያስታውቃል። የክሮም ፓራውልት ሲቀና ክሮሙ ስለሚላጥ መቀየር ይሻላል። የተሰነጠቀ መብራትም በሙጫ ቢያዝ በክረምት ውኃ ያስገባል።

ሻንሲው ከታጠፈ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። በኦክስጅን እሳት አግሎ በመዶሻ ማቅናት ጠንካራውን ብረት ያለሰልሰዋል፤ በሰንሰለት ከዛፍ ወይም ከሌላ መኪና ጋር አስሮ መጎተትም አንዱን ጎን አቅንቶ ሌላውን ያጣምማል። መለኪያና መጎተቻ ወንበር፣ ማለትም ሻንሲውን አስሮ እየለካ የሚያቀና ማሽን፣ ያለው ጋራዥ ቢርቅም እዚያ ይውሰዱት፤ እንደ እኛው የታጠፈው ማሰሪያው ብቻ ከሆነ ደግሞ በአዲስ ይቀየር።

መድን ድርጅቱ ከጋራዦች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቦ ዝቅተኛውን የመምረጥ ልማድ ስላለው፣ ፕሮፎርማው ሲጻፍ እርስዎም ይገኙ። «የኋላ ጥገና» የሚል አንድ መስመር አይቀበሉ፤ የሚቀየረው ዕቃና የሚጠገነው ክፍል ለየብቻው፣ ዕቃው ኦሪጅናል ይሁን የታይዋን፣ ዋጋውም 15 በመቶ ቫትን ይጨምር ወይም አይጨምር ይጻፍ። ዕቃ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ሲገዛ ከአሮጌው ዕቃ ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር ፎቶ ይዞ መሄድ ክርክር ይቀንሳል። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች በመድን የተከፈለባቸው ከሆኑ የድርጅቱ ናቸውና እንዳይጣሉ ያስጠብቁ።

መኪናውን የሚረከቡት ታጥቦ በቀን ብርሃን ይሁን እንጂ በማታ አይሁን። መጀመሪያ የለኳቸውን ክፍተቶች በዚያው ሜትር ይለኩ፣ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን ያብሩ፣ የኋላ ካሜራው ላይ የሚታዩት መስመሮች ከመኪናው ጎኖች ጋር መገጣጠማቸውን ይዩ፣ ጎማዎቹም አላይመንት ይታይላቸው። መብራቱ ላይ ለአምስት ደቂቃ በጎማ ቱቦ ውኃ ያፍስሱበትና ውስጡ ጤዛ መቋጠሩን ይመልከቱ፤ የእኛ በመጀመሪያው ቀን ቋጥሮ ተመልሶ እንዲታሸግ አድርገናል። ፎቶዎቹን፣ የፖሊሱን ሪፖርት፣ ፕሮፎርማውንና ደረሰኞቹን በአንድ ፋይል ያኑሩ። ክረምቱ ሲወጣም የተጠገነውን ጥግ ከሥር ጭምር በባትሪ ዳግመኛ ይመልከቱት፤ በላሜራው ጠርዝ ላይ ቀለሙ አብጦ ካገኙት ዝገት ጀምሯልና ሳይሰፋ ወደ ጋራዡ ይመልሱት።