በረዶው ቆርቆሮ ላይ እንዳይጮህ

አጭር ልብወለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እዚህ ባሕር ዳር እኔ እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ። በረጅም ልብወለድ አትጀምሩ። የወደዳችሁትን፣ አሥር ገጽ የማይሞላ ታሪክ ምረጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቡት፤ መዝገበ ቃላቱ ይቆይ። ታሪኩን ለጓደኛችሁ በቃላችሁ ማውራት ስትችሉ ያኔ መጻፍ ጀምሩ። ለማሳተም ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የመተርጎም መብት የደራሲው ነው፣ ጥበቃውም እሱ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል።

የሚያስቸግሯችሁ ከባዶቹ ቃላት አይምሰሏችሁ። ቀላሎቹ ናቸው። ለምሳሌ «ስኖው»። መዝገበ ቃላቱ በረዶ ይላችኋል። የእኛ ሰው ግን በረዶ ሲባል የሚሰማው ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጠውን ነው። ደራሲው የጻፈው ደግሞ ድምፅ የሌለውን፣ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ነው፤ ሴትዮዋ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቀስ ብላ እያለቀሰች ከሆነ «በረዶ ዘነበ» ያላችሁ ዕለት ጣሪያው ይንጫጫና ለቅሶዋ ይጠፋል። አመዳይ ብትሉት ማለዳ ሣር ላይ ነጥቶ የሚገኘው ነው የሚታየን። እኔ በረዶን እተወውና ግሱን እለውጣለሁ። አይዘንብም፣ «ያርፋል»። ያ አንድ ግስ ግማሽ ቀን ወስዶብኛል፤ አልቆጨኝም።

«ቦት»ም እንዲሁ ነው። ታንኳ ካላችሁት ጣና ዳር ያደገ አንባቢ የሚታየው ደንገል ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚደርቀው። የእንጨት ከሆነ ጀልባ በሉት።

ሌላው የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው። እንግሊዝኛው ሴትየዋ ደብዳቤውን እንደቀደደችው ቀድሞ ይነግረንና ሳታነበው መሆኑን መጨረሻ ላይ ያወጣዋል። በእኛ ወግ «ሳታነበው ቀደደችው» ብንል ምስጢሩ ቀድሞ ወጣ። ስለዚህ ቁረጡት። «ደብዳቤውን ቀደደችው። አላነበበችውም።» ደራሲው ምን ቀድሞ፣ ምን ዘግይቶ እንድናውቅ እንደፈለገ ጠብቁለት እንጂ ነጥቡን የት እንዳስቀመጠ አትቁጠሩ።

ከሁሉ የምወደው ግን «ዩ» የሚለውን ነው። እንግሊዝኛው በአንዲት ቃል ይገላገላል። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እናንተ አለን፤ የቱ እንደሚሆን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ደራሲው አይረዳችሁም። አንድ ታሪክ ስመልስ ምራት ከአማቷ ጋር ትጣላለች። ጠቡን በሙሉ በአንቱ አስኬድኩት። እየጮኸች እንኳ «አንቱ» ትላለች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ምራቷ በሩን ይዛ ልትወጣ ስትል፣ «አንቺ» አስባልኳት። ደራሲው ይህን አልጻፈም፣ ቋንቋው አይፈቅድለትም። ቁጣው ግን እዚያ ነበር፤ እኔ በእኛ ቋንቋ የት እንደሚፈነዳ ነው የፈለግኩት። እንዲህ ያለውን ቦታ ገና ስታነቡ ኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ መሀል ላይ ሳታስቡት አንቱታው ከተዘበራረቀ ገጸ ባሕርያቱ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ስትጨርሱ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡለት። እኔ አክስቴ ቡና ስታፈላ ነው የማነብላት። «ምን አልሽ?» ካለችኝ መስመሩን አሰምርበታለሁ። አላስረዳትም፤ መጽሐፉን የሚገዛው ሰው ጋ ሄጄ አላስረዳም እኮ። የምራቷን ጠብ ሳነብላት ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችና «ውይ! አንቺ አለቻት?» አለች። ያቺን መስመር ከዚያ በኋላ አልነካኋትም።