የጣርማበርን ቁልቁለት ስትወርዱ ጆሯችሁ እንዳይደፈን

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ የምትሄዱ፣ የጣርማበር ዋሻ ሳይደርስ ማስቲካ ማኘክ ጀምሩ። ማስቲካ ከሌለ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጫችሁ ቶሎ ቶሎ ዋጡ፤ ደብረ ሲናን አልፋችሁም አታቋርጡ፣ ትልቁ ቁልቁለት ከዚያ በኋላ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል። ደጋው ላይ አጥብቃችሁ የከደናችሁት ባዶ ሃይላንድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጭምድድ ብሎ የምታገኙት ለዚህ ነው። መዋጥ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ከፍቶ ግፊቱን ያመጣጥናል።

ጨቅላ የያዛችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ቁልቁለቱ ላይ ጡት አጥቡት፤ ተኝቶ ከሆነም ቀስቅሱት፣ እንቅልፍ ላይ ብዙም አይውጥም። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን አፍንጫውን ይዞ በኃይል እንዳይነፋ፣ ጆሮውን ይጎዳዋል።