የቤት ጋራዥን ዕቃ እንዴት በሥርዓት ማስቀመጥ ይቻላል?

ጋራዥ ሲባል ለብዙ አንባቢ ቀድሞ የሚታየው የመኪና መጠገኛው ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ግን ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ ወይም በግቢ ውስጥ ለብቻው ስለሚሠራው የመኪና ማደሪያ ክፍል ነው። ክፍሉ ለመኪና ታስቦ ይሠራል፤ ውሎ ሲያድር ግን ሳሎን ውስጥ ቦታ ያጣው ወንበር፣ ይጠገናል የተባለው ማራገቢያ፣ ከቤት እድሳት የተረፈው ቀለምና ልጆቹ ያደጉበት አልጋ «ለጊዜው» እየተባሉ ይገቡና በዚያው ይቀራሉ። ይህን ለማስተካከል የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መደርደሪያ በመግዛት ይጀምራል። በእኔ እምነት ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የዕቃውን ቦታ መወሰን ያለበት የመደርደሪያው ስፋት ሳይሆን የዕቃው ጠባይና የክፍሉ ጠባይ ነውና።

፩. ክፍሉን ባዶ ማድረግ

ዝናብ የማይጠበቅበትን አንድ ሙሉ ቀን መርጠው ሁሉንም ዕቃ ወደ ውጭ ያውጡ። ግማሹን አውጥቶ ግማሹን ከጥግ ወደ ጥግ ማሸጋሸግ ድካሙን እንጂ ቦታውን አይጨምርም። ያወጡትን ሲለዩ የተሰበረውን ዕቃ ሁሉ «መቼ ነው የሚጠገነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቁርጥ ያለ ቀን ሊቆረጥለት ያልቻለ ዕቃ ቢወገድ ወይም መጠገን ለሚችል ሰው ቢሰጥ ይሻላል።

ከሚሰጠው፣ ከሚወገደውና ከሚቀረው ሌላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አራተኛ ክምር አለ፤ እርሱም ወደ ቤት መመለስ ያለበት ነው። ፎቶግራፍ፣ ሰነድ፣ መጽሐፍ፣ የሱፍ ልብስ፣ ፍራሽና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የጋራዥን አየር አይችሉም። የክፍሉ ሙቀትና ቅዝቃዜ ከውጭው አየር ጋር ስለሚለዋወጥ በየጊዜው እርጥበት ይይዛል፤ ወረቀቱ ይሻግታል፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው የብረት መገናኛዎች ይዝጋሉ፣ ፍራሹም የአይጥ መኖሪያ ይሆናል።

፪. ወለሉን መመርመር

ወለሉ ከተጠረገ በኋላ ዕቃውን ለመመለስ አይቸኩሉ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ውፍረት ያለው ላስቲክ ሲሚንቶው ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና አንድ ቀን ያቆዩት። ሲገልጡት ከላስቲኩ ሥር ጠል ካገኙ ወይም ሲሚንቶው ጠቁሮ ከታየ፣ እርጥበቱ ከመሬት እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ጠሉ ከላስቲኩ በላይ ከሆነ ግን ችግሩ የክፍሉ አየር ስለሆነ መፍትሔው ነፋስ የሚያስገባ መስኮት ወይም ቀዳዳ ነው። እርጥበት የሚወጣበት ወለል ላይ ምንም ዓይነት ካርቶን መቀመጥ የለበትም። ካርቶን ውሃውን እንደ ጨርቅ ወደ ላይ ይስባል፤ ከዚያም ለምስጥና ለበረሮ የተመቸ ይሆናል። ከመሬት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ የእንጨት ርብራብ ወይም የመደርደሪያ እግር ይህን ያስቀራል።

፫. አደገኛውን አስቀድሞ ማስቀመጥ

ቦታ ሲደለደል መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የሚቃጠለውና የሚመርዘው ነው፤ ሰው ግን ይህን ለመጨረሻ ይተወውና በተረፈው ጥግ ይሸጉጠዋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉን ተከትሎ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ሩቅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጀሪካኑ በአንደኛው ጥግ ቢሆንና በሌላው ጥግ ወለል ላይ የውሃ ማሞቂያ፣ ፍሪጅ ወይም የባትሪ ቻርጀር ቢኖር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። ቤንዚን ለነዳጅ ተብሎ በተሠራ፣ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ፣ በትንሽ መጠን፣ ከተቻለም ከመኖሪያ ቤቱ በተለየ ነፋሻ መጋዘን ይቀመጥ። የጋዝ ሲሊንደር ደግሞ ባዶ ቢመስልም ጋራዥ ውስጥ አይገባም፤ ቦታው ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማይጠረጠረው ጨርቅ ነው። የተልባ ዘይት ያለበት የእንጨት ቅባት የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማድዶ ሲጣል፣ ዘይቱ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ውጭ፣ አንድ በአንድ ተዘርግቶ እስኪደርቅ መቆየት አለበት።

በረኪናን አሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃና አሞንያ ካለበት ማጽጃ አርቀው ያስቀምጡ፤ ጠርሙሶቹ አፍስሰው ቢደባለቁ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ማዳበሪያም ከነዳጅ አጠገብ አይቀመጥም። ማንኛውንም ኬሚካል ከዋናው ዕቃው አውጥቶ በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መገልበጥ ደግሞ በፍጹም ሊደረግ የማይገባ ነው፤ ልጅ የሚያየው ጠርሙሱን ነው። ኬሚካሎቹ፣ አብረው መቀመጥ የሌለባቸው እንደተለያዩ፣ ቁልፍ ባለው ቁም ሳጥን ይግቡ፤ የእሳት ማጥፊያው ግን ከእነርሱ አጠገብ ሳይሆን መውጫው በር ዘንድ ይሰቀል፤ ሊያነሣው የሚሄደው ሰው ወደ እሳቱ መግባት የለበትምና።

፬. መደርደሪያውን መትከል

አሁን መደርደሪያ መግዛት ይቻላል። ጥልቀቱ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የኋላው ዕቃ በፊተኛው ይሸፈንና መኖሩ ይረሳል። ባለ 20 ሊትር የውሃ ቀለም ብቻውን ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ እንዲህ ያለው ከባድ ዕቃ በጉልበትና በወገብ መካከል ባለው እርከን ይቀመጥ፤ ላይኛው እርከን በዓመት አንዴ ለሚፈለግ ቀላል ዕቃ ይተው። መደርደሪያው በራሱ እግር የሚቆም ቢሆንም ከግድግዳው ጋር በብሎን መታሰር አለበት፤ ልጅ ሲንጠላጠልበት የሚገለበጠው ያልታሰረው ነው። ግድግዳው ውስጡ ክፍት ከሆነ ብሎኬት የተሠራ ከሆነ ተራ ፊሸር አይበቃውም፤ ለክፍት ብሎኬት የተዘጋጀውን ዓይነት ይጠይቁ።

አካፋ፣ ዶማ፣ መሰላልና ብስክሌት ወለል ሊይዙ አይገባም፤ ሁሉም ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መዶሻ ለሚሰቀሉበት ሰሌዳ የእያንዳንዱን ቅርጽ በቀለም ቢከብቡት፣ የጎደለው መሣሪያ ወዲያው ይታወቃል። ቪስና ምስማር ውስጡ በሚታይ ክዳን ባለው ዕቃ ይግቡ። ትልልቆቹም ሳጥኖች ውስጣቸው የሚያሳይ ፕላስቲክ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የይዘቱ ስም ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ይጻፍ፣ ሳጥኖች ሲደራረቡ ክዳኑ አይታይምና።

የመኪና ጎማ ከቸርኬው ጋር ከሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል፤ ያለ ቸርኬ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሁለቱም መንገድ ፀሐይ እንዳያገኘው ያድርጉ።

፭. ለመኪናው ቦታ መተው

መኪናው የሚፈልገውን ስፋት ሲለኩ በሮቹ ተከፍተው ይሁን፤ በተዘጋ በር የተለካ ቦታ ሰው ከመኪናው መውረድ ሲያቅተው ነው ስህተቱ የሚታወቀው። በሁለቱም ጎን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢተርፍ ዕቃ የያዘ ሰው ያልፋል። መኪናውን በትክክለኛው ቦታ አቁመው ከጣራው በገመድ ያንጠለጠሉት ቀላል ኳስ የፊት መስታወቱን ልክ ሲነካ ገመዱን ይሰሩት፤ ከዚያ በኋላ ኳሱ ሲነካ መቆም ነው። የበሮቹንም መድረሻ ወለሉ ላይ በቀለም አስምረው፣ ከመስመሩ ወደ መኪናው በኩል የተገኘ ማንኛውም ዕቃ በዚያው ቀን ቦታ እንዲፈለግለት ከቤተሰቡ ጋር ይስማሙ። ሞተሩ ግን የክፍሉ በር ክፍት ቢሆንም እንኳ እዚያ ውስጥ ቆሞ አይሥራ፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በበሩ ስንጥቅ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል።