በቧንቧ ውሃ ባትሪ ስንሞላ የቻርጀሩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ

ከሮቶ በሚወርደው ቧንቧ ላይ ኤፍ50 የምትባለዋን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ተርባይን ገጠምኩ። ከሷ ቀጥሎ ኤልኤም2596 የሚባለው ቦርድ ቮልቱን ወደ 5 ያወርዳል፣ ቲፒ4056 የሚባለው ቻርጀር ደግሞ 18650 የሚባል አንድ ሊቲየም ባትሪ ይሞላል። ውሃው ሲከፈት ግን የቻርጀሩ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ባትሪው አይሞላም። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ ልክ 5 ስለሚያሳይ ነገሩ ቀናት ፈጀ።

ተርባይኗን በሌላ ቀየርኩ፣ ያው ነው። 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፤ ብልጭታው ዘገየ እንጂ አልጠፋም። ከዛ ተርባይኗን ከሮቶው ስር አንስቼ ታች ልብስ ማጠቢያው ጋ አወረድኳት። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱ ሜትር ዋጋ አለው። ተሻሻለ፣ ግን አልበቃም።

ቁልፉ የተገኘው ባትሪው ተሰክቶ እያለ ስለካ ነው፤ 5 የነበረው ቮልት ከ4 በታች ይወርዳል። ለካ ቲፒ4056 ሲመጣ 1 አምፒር እንዲስብ ተደርጎ ነው፣ የሮቶ ግፊት ደግሞ ያን አይችልም። ቦርዱ ላይ የሚሳበውን አምፒር የምትወስን፣ 122 የተጻፈባት ከሰሊጥ ያነሰች ሬዚስተር አለች፣ 1.2 ኪሎ ኦም ናት። እሷን በመበየጃ አንስቼ 5.1 ኪሎ ኦም ተካሁ። የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ወደ 235 ሚሊ አምፒር ገደማ ወረደ፣ ቀይዋም ቀጥ ብላ በራች።

አደራ፣ ለዚህ ብላችሁ ውሃ አትክፈቱ። 1000 ሊትር ከ6 ሜትር ወርዶ ምንም ባይባክን እንኳ የሚሰጠው 16 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ አንድ ባለ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ስልክ አይሞላም። ልብስ ሲታጠብ ከሚያልፈው ውሃ ላይ ብቻ ውሰዱ።