ስለ እስክንድርያ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እኛ እስክንድርያን የምናውቃት በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። የራሳችን ፓትርያርክ የተሾመልንም እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን ከተማዋን የማርቆስ መንበር ብቻ አድርገን እንስላታለን። የኮፕቱ ፓትርያርክ ግን ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚቀመጡት ካይሮ ነው። የዛሬዋ እስክንድርያ የወደብ፣ የፋብሪካና የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። አብዛኛው ነዋሪዋም ሙስሊም ነው።

ሌላው ስህተት ስለ ጥንታዊው የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት “በአንድ ሌሊት ነደደ” የሚለው ነው። የሮማዊው የጦር መሪ የዩልዮስ ቄሳር እሳት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 ጉዳት አድርሷል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ከዚያም ቀድሞ፣ ከልደት በፊት በ145፣ የግብፅ ንጉሥ የነበረው በጥሊሞስ 8ኛ ምሁራኑን አባሮ ነበር። ዓረቦች አቃጠሉት የሚለው ወሬ ደግሞ የተጻፈው ከተማዋን ከያዙ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን የገደለው የዘመናት ቸልተኝነት ነው ብል ይቀለኛል።

በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ የክረምት ወራት፣ ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል። በበጋ የባሕር ዳሩን የሚሞላው በአብዛኛው የካይሮ ሰው ነው። ነዋሪው ክረምቱን የሚቆጥረው ስም በወጣላቸው ማዕበሎች ነው፤ በኅዳር መክነሳ፣ ቀጥሎ ቃሲም እያለ።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን “የድሮዋ እስክንድርያ የአውሮፓ ከተማ ነበረች” የሚለው ነው። ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ አይሁዱና ሶርያዊው እዚያ ኖረዋል፤ ካፌውም ቲያትሩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ከስዊዝ ካናል ጦርነት በኋላ ብዙዎቹ ተገደው መውጣታቸው እውነተኛ ሐዘን ነው። ነገር ግን ያኔም አብዛኛው ሕዝብ ግብፃዊ ነበር። ጥጡን የተሸከመው፣ ድንጋዩን የጠረበው እሱ ነው። ከተማዋን ዳግም ያስነሳት፣ እ.ኤ.አ. በ1820 የተከፈተው የማህሙዲያ ቦይ እንኳ የተቆፈረው ከየመንደሩ በግዳጅ በመጡ ገበሬዎች ነው፤ ብዙ ሺዎችም እዚያው አልቀዋል። የውጭ ዜጋው በገዛ አገሩ ቆንስላ ሲዳኝ ለግብፃዊው እንዲህ ያለ ጥላ አልነበረውም። የካፌውን ናፍቆት ብቻ የሚጽፍ ሰው ይሄን ሁሉ ይዘለዋል።

ደግሞ የዚያ ዘመን ጥበብ የባዕድ ብቻ አልነበረም። የዜማ ደራሲው ሰዪድ ደርዊሽ እ.ኤ.አ. በ1892 የተወለደው ኮም ኤል ዲካ በሚባለው የእስክንድርያ ሰፈር ነው። ከድሃ ቤት ወጥቶ የግንባታ ሠራተኛ ሆኖ ሠርቷል። ግብፃውያን ዛሬ በብሔራዊ መዝሙራቸው የሚያዜሙት ዜማ የእሱ ነው።